የወንድሜ ልጅ ቁርአን አሳምራ ትቀራለች፣ ጎረቤት ግን አታውቅም። ወንድሜን ምን ልበለው?

የሮቢት ነጋዴ

አሰላሙ አለይኩም፣ ሙስሊም ላልሆናችሁም ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ሸዋሮቢት ነው፣ ሽንኩርትና ማሾ እነግዳለሁ፣ መጻፍ ሥራዬ ስላልሆነ ቢንሻፈፍብኝ እለፉኝ።

ታናሽ ወንድሜ ለንደን ከገባ 16 ዓመት ሆነው። እዚያው አግብቶ ወልዷል። ትልቋ ልጁ 10 ዓመቷ ነው። ዘንድሮ ነሐሴን ከእናቷ ጋር እኛ ዘንድ አሳለፈች። ቁርአን ስትቀራ ብትሰሟት! ተጅዊዷ (የአነባበብ ሕጉ) እንከን የለውም። አባቴ ሰባ ምናምን ዓመቱ ነው፣ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሸፍኖ አለቀሰ። እኔ በዕድሜዋ ሉሕ (ቁርአን የምንጽፍበትን የእንጨት ሰሌዳ) ተሸክሜ ኸልዋ፣ ማለትም ቁርአን ቤት፣ ስመላለስ ሼሁ በአለንጋ እያስፈራሩኝ ገና አጫጭር ሱራዎች ካሉበት ከጁዝ ዐማ አልወጣሁም ነበር።

ችግሩ የመጣው በሌላ በኩል ነው። ጎረቤታችን ያሉት እማማ ክርስቲያን ናቸው፣ እኔን በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉኝ ሴትዮ። ጊዜው ፍልሰታ ነበር፣ ቡና ጠሩን። ልጅቷ በሩ ላይ ቆመችና በእንግሊዝኛ ለእናቷ የሆነ ነገር አለቻት። እናትየው ቀላች። ኋላ ስጠይቃት ለካ «ሙስሊም ካልሆኑ ለምን እንገባለን?» ነው ያለችው። በክፋት አይደለም፣ ልጅ ናት፣ እውነት ግራ ገብቷት ነው። እማማ እንኳ ነገሩ ገብቷቸው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ድስት እያሳዩ «ይቺ የእናንተ ናት፣ የእስላም ድስት፣ ሌላ ነገር ነክቷት አያውቅም» አሏት። «ልጄን ስድር ለሙስሊም እንግዶች ለብቻ በታረደው በግ ነበር የሠራንባት» አሉ። ልጅቷ አማርኛ ብዙም አትሰማም። ፈገግ ብላ ዝም አለች።

ወንድሜ አሁን የሚለኝ ይሄ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ትገባለች (እነሱ በ11 ዓመት ነው የሚጀምሩት)፣ ማመልከቻው በእኛ ጥቅምት 21 ይዘጋል፣ ሙስሊም ትምህርት ቤት ላስገባት ነው፣ ምከረኝ። ሚስቱ መደበኛው የመንግሥት ትምህርት ቤት ይሁንና ቅዳሜ መድረሳዋን ትቀጥል ትላለች። ተጣልተዋል ማለት ይቻላል።

እኔ ምን አውቃለሁ? ለንደንን በስልክ እንጂ አላየኋት። ግን ያቺ በር ላይ የቆመችው ልጅ ከዓይኔ አልጠፋ አለች። የምታውቁ ምከሩኝ።

---

አጣዬ ናት ያሳደገችኝ

ወአለይኩሙ ሰላም ወንድሜ። ለንደን ነው ያለሁት፣ ሦስት ልጆች አሉኝ፣ ስለዚህ ይሄን ጥያቄ በልቼዋለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልበልህ፣ አትቀየመኝ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት አትሁንብን። እናንተ እዚያ አዛን እየሰማችሁ ነው የምታድሩት። ረመዳን ሲገባ መንደሩ በሙሉ ያውቃል፣ ክርስቲያኑ ጭምር። እዚህ ልጅህ በክፍሉ ብቻውን ጾሞ ሲውል ውሃም አትጠጣም እንዴ እያሉ አርባ ጊዜ ይጠይቁታል። ሴቷ ልጄ ሻሽ ባሰረች በመጀመሪያው ሳምንት አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሰውዬ የተናገራትን እዚህ አልጽፈውም። ወንድምህ የፈራው አላህን የሚፈራ ጓደኛ እንዳታጣ ነው፣ እንዲህ ብሎ መፍራት ጥፋት አይደለም።

አሁን ወደ ሥራው። «ሙስሊም ትምህርት ቤት» ሲል የትኛውን እንደሆነ ጠይቀው፣ ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ የግል ነው፣ ትከፍላለህ፣ አንዳንዱ ጥሩ ነው፣ አንዳንዱ ከመኖሪያ ቤት የተለወጠ ጠባብ ክፍል ነው። ሌላው መንግሥት ወጪውን የሚሸፍነው ነው፣ ነጻ ነው፣ የአገሩን ሥርዓተ ትምህርት ያስተምራል፣ ተቆጣጣሪው ኦፍስቴድ ገብቶ ይፈትሸዋል። ይሄኛው በቀላሉ የመጣ እንዳይመስልህ። የአንግሊካን፣ የካቶሊክና የአይሁድ ትምህርት ቤቶች ከጥንት ጀምሮ የመንግሥት ገንዘብ ያገኛሉ። ሙስሊሞቹ ሲጠይቁ ግን ዓመታት እምቢ ተባሉ። ዘፋኝ የነበረው ዩሱፍ ኢስላም በ1983 እኤአ ለንደን ውስጥ ያቋቋመው ኢስላሚያ የሚባለው አንደኛ ደረጃ የመንግሥት በጀት ያገኘው በ1998 ነው። 15 ዓመት! ዛሬ ብላክበርን ከተማ ያለው የሙስሊም ሴቶች ትምህርት ቤት በተማሪዎች መሻሻል ሲለካ ከእንግሊዝ አንደኛ የወጣበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ሙስሊም ትምህርት ቤት ማለት ልጅን አጥር ውስጥ መዝጋት ነው የሚል ወሬ ስትሰማ በጅምላ አትመን።

ለሚስቱም ልፍረድላት ደግሞ። መደበኛው ትምህርት ቤት ልጅ ይበላል የሚለው የተጋነነ ነው። በሕጉ በየቀኑ የጋራ አምልኮ የሚባል ነገር አለ፣ መልኩ በአብዛኛው የክርስትና ነው፣ ግን ወላጅ ልጄ አትገባም ብሎ መጻፍ ይችላል። የሃይማኖት ትምህርቱም እንደዚያው። እኔ ወንዱን መደበኛ፣ ሴቷን ሙስሊም ትምህርት ቤት ነው ያስገባሁት። ለምን ብትለኝ ለቤቴ የቀረበው እሱ ስለነበር። ሰው ትልቅ ምክንያት ይፈልጋል፣ አንዳንዴ አውቶቡስ ነው የሚወስነው።

የእኔ ራስ ምታት ሌላ ነው። የእንቁጣጣሽ ዝግጅት ስንጠራ አዳራሹ የቤተክርስቲያን ነው፣ ዝግጅቱ በጸሎት ይከፈታል፣ ሰዎቹ ደጎች ናቸው፣ ግን ልጆቼ እንግዳ ሆነው ይቀመጣሉ። መስጊድ ስሄድ ደግሞ ሴቶቹ ፓኪስታንና ሶማሌ ናቸው፣ ኢትዮጵያዊት ነኝ ስላቸው «መቼ ሰለምሽ?» ይሉኛል። መቼ ሰለምሽ! የይፋት ልጅ! ነጃሺንና ቢላልን ለልጆቻቸው በተረት ያስተምራሉ፣ የነጃሺና የቢላል አገር ሰው ፊታቸው ቆሞ ሲታይ ግን አዲስ ገቢ ይመስላቸዋል። እናንተ ስለ ትምህርት ቤት ትጨቃጨቃላችሁ፣ ይሄንን የሚያስተምር ትምህርት ቤት ግን እስካሁን አላገኘሁም።

---

የማጀቴው ልጅ፣ ሮተርዳም

አማርኛዬ ላይ ስህተት ካለ አርሙኝ። አራት ዓመቴ ሆኜ ነው ከማጀቴ የመጣሁት፣ አሁን 27 ነኝ።

እኔ ራሴ ሙስሊም አንደኛ ደረጃ የተማርኩ ነኝ፣ ስለዚህ ከወላጅ ሳይሆን ከተማሪ በኩል ልናገር። ሆላንድ ውስጥ ከ1917 እኤአ ጀምሮ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 23 ላይ የሃይማኖት ትምህርት ቤት ከመንግሥት ትምህርት ቤት እኩል በጀት ያገኛል ይላል። የወጣው ካቶሊክና ፕሮቴስታንት ተጣልተው ተጣልተው ሲታረቁ ነው፣ ሙስሊምን ማንም አላሰበም። ኋላ ላይ ቱርኮችና ሞሮኮዎች መጥተው አንቀጹን አነበቡትና በ1988 የመጀመሪያዎቹን ከፈቱ። አባቴ ይሄን ሲያወራ ሁልጊዜ ይስቃል፣ «ሌላው ሰው የሰፋውን ልብስ ልክ ሆኖን ለበስነው» ይላል።

ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነበር። ሒሳብ፣ ደች፣ ሁሉም እንደ ሌላው። ከአስተማሪዎቼ ግማሾቹ ሙስሊም እንኳ አልነበሩም። ሶላት በሰዓቱ እንሰግድ ነበር፣ ዒድ እንደ ትልቅ በዓል ይከበር ነበር፣ ማንም ምን ትበላለህ ብሎኝ አያውቅም። ይሄን ቀላል አታድርጉት። ልጅ ሆኖ ራስህን ሳታስረዳ መኖር ትልቅ ዕረፍት ነው።

ግን ክፍሉ ውስጥ ጥቁር ሁለት ብቻ ነበርን። ሌላው ሶማሌ ነው፣ እሱም ሲናደድብኝ «ሐበሻ» ብሎ ይሰድበኛል። ቱርኮቹ በቱርክኛ ይጫወታሉ፣ ሞሮኮዎቹ በራሳቸው። እስልምና አንድ ያደርገናል እየተባለ ሜዳ ላይ በቋንቋ ነበር ቡድን የምንከፋፈለው። በ12 ዓመቴ ሁለተኛ ደረጃ ስገባ አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ስሙ ክርስቲያን ነበር፣ እውነቴን ነው፣ ስሙ ራሱ ክርስቲያን ነው። አንድ ወር አላናገርኩትም። አሁን ሠርጌ ላይ ሚዜዬ ሊሆን ነው።

ልጅቷን አትፍሩላት። በር ላይ ቆመች እንጂ አልተመለሰችም አይደል?

---

ቆላ አርጎባ

እኔ ደግሞ ሁላችሁም ስለ ቋንቋና ስለ ጎረቤት ስታወሩ ትንሽ ልከራከራችሁ።

የአልዩ አምባ አካባቢ ልጅ ነኝ፣ አርጎባ። አያቴ አርጎብኛ የምታውቀው ጥቂት ቃል ነበር፣ እናቴ ከዚያ ያነሰ፣ እኔ ምንም። በአማርኛ አፌን ፈታሁ፣ በአማርኛ ነው የምጽፍላችሁ። ሸዋ ውስጥ ያለን አብዛኞቻችን እንደዚህ ነን። አልዩ አምባ የድሮ የንግድ ከተማ ናት፣ በሣህለ ሥላሴ ዘመን ከባሕር የሚመጣው ሲራራ ወደ አንኮበር ከመውጣቱ በፊት እዚያ ነበር የሚያራግፈው፣ ነጋዴው አርጎባና ሐረሪ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ይፋት የወላስማዎች፣ የሙስሊም ሱልጣኖቹ ዘር፣ መንግሥት ነበረ፣ 13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ። ኖራ የሚባለው ቦታ የመስጊዱ ፍርስራሽ ዛሬም ድንጋዩ ቆሟል።

ቋንቋው ሄደ፣ መንግሥቱ ሄደ፣ ሲራራው ሄደ። ሃይማኖቱ ቀረ። አርጎባ ነኝ ስል ሰው የሚገባው በአለባበሳችን፣ በሽመናችን፣ ከሁሉ በላይ ግን በዲናችን ነው። እና ወንድምህ ሃይማኖቷን አጥብቄ ልያዝላት፣ ሌላው ይድረስ ቢል ያረጀ ብልሃት ነው የያዘው፣ አያቶቼ ያደረጉት ነው።

ግን (ራሴን ልቃወም መሰለኝ) አያቶቼ ይሄን ያደረጉት በር ዘግተው አይደለም። ገበያ ላይ ከአማራው ጋር፣ ከአፋሩ ጋር፣ ከኦሮሞው ጋር እየዋሉ ነው። እሑድ ሰንበቴ ገበያ ሄዳችሁ ብታዩ በአንድ የጨው ክምር ዙሪያ አራት ቋንቋ ትሰማላችሁ። ልጅቷን ቡና ይዛችኋት ከመሄዳችሁ በፊት ሰንበቴ ብትወስዷት ኖሮ ጥያቄውም አይመጣም ነበር።

---

ደጋ ነኝ፣ ደብረ ሲና

ክርስቲያን ነኝ፣ ከገባሁበት ውጣ ካላችሁኝ እወጣለሁ 😄

እህቴ አሜሪካ ናት። ልጇ በየእሑዱ ቤተክርስቲያን ሰንበት ትምህርት ቤት ይማራል፣ መዝሙሩን በግዕዝ ሸምድዶታል። ባለፈው ዓመት መጥቶ ከደብረ ሲና ወርደን ቆላ ይዤው ስሄድ መንገድ ላይ መስጊድ አየና «ኢትዮጵያ ውስጥ መስጊድ አለ?» አለኝ። ከቤታችን እኮ አንድ ሰዓት መንገድ ነው! ስለዚህ የእናንተ ብቻ አይምሰላችሁ። እነሱ እዚያ ግማሽ አገር ብቻ ነው በሻንጣ ይዘው የሚሄዱት። የእኛዎቹ የእኛን ግማሽ፣ የእናንተዎቹ የእናንተን።

እና ደግሞ ዘመኑ ራሱ መጥፎ ነው። እዚህም ቢሆን አጣዬ ላይ በነበረው ግጭት ያየነውን አይተናል። እንደ ድሮ ነን ብለን ለልጆቹ ባንዋሽ ጥሩ ነው።

---

ኡስታዝ ከደብረ ብርሃን

አሰላሙ አለይኩም። ሁላችሁንም አነበብኩ፣ ያጣዬዋ እህቴ በተለይ ልቤን ነካሽኝ።

ልጆች አስተምራለሁ፣ 20 ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከልምዴ ልናገር። ያቺ ልጅ አሳምራ ትቀራለች አልክ። ማሻ አላህ። ግን የቀራችውን ምን ማለት እንደሆነ በየትኛው ቋንቋ ነው የነገሯት? በእንግሊዝኛ ከሆነ እስልምናዋ እንግሊዝኛ ነው የሚናገረው። አማርኛ ደግሞ ለእሷ የዘመድ ቋንቋ ብቻ ሆነባት፣ ከዲኗ ጋር የተገናኘበት ቦታ የለም። ስለዚህ አማርኛ የሚናገር ሰው ሁሉ ሃይማኖቱ ሌላ ቢመስላት አይገርመኝም።

የእኛ አገር ቂርኣት እንዲህ አልነበረም። ደረሳው (ተማሪው) ከይፋት ወሎ፣ ከወሎ ይፋት በእግሩ ይዞራል። ሼሁ የዓረብኛውን መስመር ያነቡና ትርጉሙን በአማርኛ ያፈስሱለታል፣ በኦሮምኛ የሚያፈስሱም አሉ። መንዙማው በአማርኛ ነው፣ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው በዓረብኛ ፊደል ነው፣ አጀሚ እንለዋለን። ቁርአንም በአማርኛ ተተርጉሞ በእኛ አቆጣጠር በ1961 ታትሟል። አማርኛ የክርስቲያን ቋንቋ ነው የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ አልቆጣም፣ አንድ መንዙማ አሰማዋለሁ።

ስለዚህ ትምህርት ቤቱን ወላጆቿ ይምረጡ፣ እነሱ ያሉበትን ያውቃሉ። አንተ ግን አንድ ነገር ማድረግ ትችላለህ። በሳምንት ሁለት ቀን በስልክ በአማርኛ የምታስተምራት ሴት ኡስታዛ ፈልግላት። አዲስ ተጅዊድ አያስፈልጋትም፣ የምታውቃቸውን አጫጭር ሱራዎች በአማርኛ ትፍታላት። የሰዓት ልዩነቱ በበጋቸው ሁለት፣ በክረምታቸው ሦስት ሰዓት ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ እዚህ እየመሸ ነው፣ ይመቻል። ብዙ ወላጆች ጠይቀውኝ ጀምረናል። ሲጀምሩ ይሰለቻሉ፣ አልደብቅህም፣ ከአምስቱ ሁለቱ ይተዉታል።

---

አጣዬ ናት ያሳደገችኝ

ኡስታዝ፣ ለእኔም ያቺን ኡስታዛ ይፈልጉልኝ እባክዎ። ሦስቱንም በአንድ ስክሪን አስቀምጣቸዋለሁ።

ዋሽንግተን ያሉት እኮ በዚህ ይበልጡናል፣ ፈርስት ሂጅራ የሚባል የራሳችን ሰዎች ያቋቋሙት ማዕከል አላቸው። እኛ ገና ነን።

---

ዝም ብዬ ነበር

ይሄን ሁሉ ጻፋችሁ። ልጅቷ ራሷ ምን ትፈልጋለች? አንድ ሰው አልጠየቀም።

---

የሮቢት ነጋዴ

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ፣ ለደብረ ሲናው ወንድሜም እግዜር ይስጥልኝ።

የመጨረሻው ሰው አሳፈረኝ። እውነትም አልጠየቅናትም። ትናንት ደወልኩና እሷን ስጧት አልኩ። እናቷ እያስተረጎመች አወራን። ልጅቷ ስለ ሃይማኖት ምንም አላለችኝም። ጓደኛዬ የምትገባበት እገባለሁ ነው ያለችው። ጓደኛዋ የባንግላዴሽ ልጅ ናት፣ የምትገባው መደበኛው ነው። ወንድሜ ከኋላ «አየህ!» ሲል ሰማሁት፣ ለማን እንደሆነ እንጃ። ለማንኛውም ቅጹ ላይ ከአንድ በላይ መሙላት ስለሚቻል ሁለቱንም ሞልተዋል። የትኛው አንደኛ እንደተጻፈ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ስጽፍ ተናድጄ ስለነበር የዘለልኩት። ያን ቀን እማማ ጋ ገብተን ቡናው ሲቀዳ አቦል አሉ። ቀጥሎ ቶና። ሦስተኛው ላይ በረካ ሲሉ ልጅቷ ቀና አለች። «አወል፣ ሣኒ፣ በረካ» አለች ጣቷን እየቆጠረች፣ በዓረብኛ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ በረካ ማለቷ ነው። እማማ ምን አለች አሉ። ነገርኳቸው። «ታዲያ ምን ይሁን፣ ስሙ እኮ ድሮም ይሄው ነው» ብለው ስኒውን አቀበሏት። ቡና ለልጅ አይሰጥም ብትሉ አልሰማችሁም፣ ጠጣችው።

ኡስታዛዋን እፈልጋለሁ ኡስታዝ፣ በውስጥ መስመር ይጻፉልኝ። ሌላ ደግሞ አባቴ ልጅቷ ሉሕ ካልወሰደች አልሞትም ብሏል። የእኔው በልጅነቴ ተሰብሮ እናቴ እንጀራ ጋግራበታለች። እዚህ ያሉት መድረሳዎች ሁሉ ወደ ነጭ ሰሌዳ ዞረዋል። የሚሠራ ሰው የምታውቁ አላችሁ?

---

ቆላ አርጎባ

አያቴ ቤት አንድ ተሰቅሎ አለ። አልሰጥህም፣ እንዳትለምነኝ። ግን ናና ልኩን ውሰድ፣ እዚያው ሮቢት ላለ አናጢ አሳየው፣ ከላይ እጀታው ላይ ያለችውን ቀዳዳ እንዳይረሳት ብቻ ንገረው፣ ገመድ የሚገባባት እሷ ናት።